የአንድ ሱቅ ጆሮ፤ ስለ አምሃ ሪከርድስ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

«ሙዚቃ ቤት» በሚለው ቃል ልጀምር። ሙዚቃ ቤት ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ካሴትና ሲዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሌላው ዘፋኙን አስቀርጾ ሥራውን የሚያሳትመው ድርጅት ነው። አምባሰል ሙዚቃ ቤት፣ ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት፣ ሱፐር ሶኒክ ሙዚቃ ቤት። እነዚህን ስሞች ካሴት ላይ እያነበብን ያደግን ሰዎች ሱቁና አሳታሚው ለምን በአንድ ስም እንደሚጠሩ ጠይቀን አናውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ጥያቄው መጣብኝ፣ ከመጣ በኋላም አልለቀቀኝም። እሱን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ከካሴቱ ዘመን አልፌ ወደ ሸክላው ዘመን ስገባ፣ የሸክላ ሱቅ የነበረው አንድ ወጣት ላይ ደረስኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

አምሃ እሸቴ ይባላል። ሱቁ ሐራምቤ ሙዚቃ ቤት። ያቋቋመው አሳታሚ ድርጅት አምሃ ሪከርድስ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ስለነዚህ ሸክላዎች ሲወራ የተለመደው እሱ ስለሆነ። ሌላው፣ አምሃን «እሱ» እያልኩ ነው የማወራው። ንቀት እንዳይመስላችሁ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ግን ታሪኩ ሲጀምር ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ነበርና «እሳቸው» ስል ያ ልጅ ይጠፋብኛል።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብቱን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ይሰጣል። ሀገር ፍቅርን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። በ1935፣ የጣልያን ወረራ በር ላይ በቆመበት ሰዓት፣ ሕዝቡን ለማንቃት የተቋቋመ ማኅበር ነው። ውለታው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ መብት ለአንድ ቤት ብቻ ሲሰጥ፣ ያ ቤት ያልሰማውን ነገር ማንም አይሰማውም። ሀገር ፍቅር ያሳተማቸው ሸክላዎች ጥቂት ነበሩ። በተግባር የውጭ ሸክላ ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር፤ ማንም ደፍሮ ያልነካው የራሳችንን ዘፋኝ አስቀርጾ ማሳተሙን ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። ኢትዮጵያዊ ድምፁን ሸክላ ላይ ያስቀረጸው ገና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ ዘፍነው አስቀርጸዋል። ከዚያ ስድሳ ዓመት ሙሉ አለፈ። ዘፋኝ አልጠፋም፣ አድማጭም አልጠፋም። በመሀል ያለው ግን ጥቂት ነው። ብዙው ድምፅ ወይ ሬዲዮ ጣቢያ ቴፕ ላይ ቀርቷል፣ ወይ የዚያን ምሽት አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ በዚያው አልቋል።

ሙዚቀኞቹስ የት ነበሩ? ደሞዝ ላይ ነበሩ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ትልልቆቹ ባንዶች በሙሉ የመንግሥት ነበሩ። ነሐስ መሣሪያው ወደ አገሩ በደንብ የገባው በ1924 ከኢየሩሳሌም ከመጡት አርመኖች፣ ከ«አርባ ልጆች» ጋር ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣውን ትውልድ አስተምረዋል። ሳክስፎኑ የመንግሥት ንብረት ነው። ኮቱ የመንግሥት ነው። ሰውየውም ቢሆን በብዙ መልኩ የመንግሥት ነው። በ1960 ታኅሣሥ የክቡር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ የክቡር ዘበኛው ዘፋኝ ጥላሁን ገሠሠ አብሮ መታሰሩን ታውቁ ይሆናል። ዘፋኝ መሆን ማለት ያኔ እንዲህ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ጆሮው ተከፍቷል። አስመራ ቃኘው ጣቢያ ያለው የአሜሪካ ጦር የራሱ ሬዲዮ ነበረው። ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓዶች የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች እየመጡ ነው፣ ወጣቶች ናቸው፣ ሸክላ ይዘው ነው የሚመጡት። የምሽት ክለቦች እየበዙ ነው። ልጆቹ ኤልቪስን ይሰማሉ፣ ጄምስ ብራውንን ይሰማሉ፣ ሱሪያቸው ይሰፋል፣ ጸጉራቸው ያድጋል። በመንግሥት ባንድ ውስጥ ያሉትም ልጆች ማታ ኮታቸውን ቀይረው ክለብ ገብተው ሌላ ነገር ይጫወታሉ።

አምሃ ያን ጊዜ ሸክላ ይሸጣል።

ሸክላ ሻጭ ምን ያህል እንደሚያውቅ ብዙ ጊዜ አናስብም። እሱ ፊት ቆሞ ሰው ገንዘቡን ያወጣል። ማን ምን እንደወደደ፣ ማን ሰምቶ ሳይገዛ እንደወጣ፣ የትኛው ሸክላ ሦስቴ ተጠይቆ እንዳለቀ፣ ሁሉንም ያያል። ሐራምቤ ውስጥ የአሜሪካም፣ የህንድም፣ የኬንያም ሸክላ ነበር። እንግዲህ አንድ ቀን ይህ ልጅ መደርደሪያውን ሲያይ የጎደለው ነገር ገባው ብዬ ነው የማስበው። የሰው አገር ዘፈን ሞልቷል። ማታ ማታ ክለብ ሄዶ የሚሰማቸው፣ ልጆቹ አብደውላቸው የሚጨፍሩላቸው የራሱ አገር ልጆች ግን አንዳቸውም የሉበትም።

በ1969 ወሰነ። ሕጉን ያውቀዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲናገር፣ ቢበዛ እታሰር ይሆናል እንጂ በዚህ ነገር ማንም አይገድለኝም ብሎ እንዳሰበ ተናግሯል። ይህን ቀለል አድርገን የምናልፈው ነገር አይደለም። አንድ ሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ዘፈን ለማሳተም ሲል እስራትን ከሒሳቡ ውስጥ ማስገባቱን ማሰብ ለእኔ ከባድ ነው። የሚያጣው ነበረው እኮ። ሱቅ አለው። ሱቁ ይሠራል።

የመጀመሪያውን ሸክላ የሠራው ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ነው። ሁለቱ እሸቴዎች ወንድማማች አይደሉም፤ የአባታቸው ስም ነው የገጠመው። (ተሰማ እሸቴን ጨምሩበትና የሸክላ ታሪካችን በእሸቴዎች የተሞላ ነው።) ዓለማየሁ የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጅ ነው። አለባበሱም፣ አዘፋፈኑም፣ መድረክ ላይ አኳኋኑም «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚል ስም አሰጥቶታል። እኔ ግን ስሰማው ጩኸቱ ወደ ጄምስ ብራውን ያደላብኛል። በነገራችን ላይ ሰው ለመጀመሪያ ሸክላው የሚመርጠው ዘፋኝ ብዙ ይናገራል። ሕግ እየጣሰ ያለ ሰው ቢያንስ ጨዋ ዘፈን መርጦ ለመሸፈን ይሞክራል ብዬ እጠብቅ ነበር። አምሃ የመረጠው ግን በጣም የሚጮኸውን ነው።

አሁን ሸክላ እንዴት እንደሚታተም ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ድፍረቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አገር ውስጥ ማተሚያ ፋብሪካ የለም። ዘፈኑ እዚህ ቴፕ ላይ ይቀረጻል። ባንዱ አንድ ላይ ነው የሚጫወተው፤ እንደ ዛሬው ከበሮውን ዛሬ፣ ድምፁን ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም። ትራምፔቱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ቴፑ ባሕር ማዶ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ህንድ፣ በኋላ ደግሞ ቤይሩት። ፋብሪካው ድምፁን ለስላሳ ቅብ ባለው ዲስክ ላይ ይቀርጸዋል፣ ዲስኩ በብረት ይለበጣል፣ ብረቱ ተላቆ እንደ ማኅተም ይሆናል፣ በማኅተሙ መሀል የጋለ ፕላስቲክ ገብቶ ይጨመቃል። አንዱ ጭምቅ አንድ ሸክላ ነው። የታተመው ተጭኖ ይመለሳል፣ ጉምሩክ ያልፋል፣ ሱቅ ይደርሳል። አንድም ኮፒ ሳይሸጥ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው አሳታሚው ነው። ዘፈኑ ካልተወደደ ካርቶኑ ከነሸክላው ጓዳ ይቀመጣል።

እና አልታሰረም። ሸክላው ተሸጠ፣ ሰው ወደደው፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው ተከተለ። ድንጋጌውን ማንም አልሻረውም ነገር ግን በተግባር ሞተ። ፊሊፕስ የሚባለው ትልቁ የውጭ ድርጅትም የኢትዮጵያን ዘፈን ማሳተሙን ተያያዘው፤ በ1973 ደግሞ አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙ ሰው «አሊ ታንጎ» ብሎ የሚያውቃቸው፣ ካይፋ ሪከርድስን አቋቋሙ። ሁሉም የገቡት አምሃ በከፈተው በር ነው።

ከ1969 እስከ 1975 አምሃ ሪከርድስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላና ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላ አሳተመ። ስድስት ዓመት ነው። ከስድሳ ዓመት ጥቂት ነገር በኋላ፣ ስድስት ዓመት ከመቶ በላይ።

ቁጥሩ ደስ ይላል፣ እኔን የሚይዘኝ ግን ድብልቁ ነው። ዓለማየሁ እሸቴ አለ። ማሕሙድ አህመድ አለ፤ ሊስትሮ ሆኖ የጀመረ፣ በክቡር ዘበኛ ባንድ ያደገ፣ በ1971 «ናፍቆት ነው የጎዳኝ»ን ለአምሃ የቀረጸ። ሂሩት በቀለ አለች። ሰይፉ ዮሐንስ፣ ተሾመ ምትኩ፣ ሙሉቀን መለሠ፣ ጌታቸው ካሳ። ሙላቱ አስታጥቄ አለ። አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ ተከታትሎ ቢሰማ የአንድ ድርጅት ሥራ ናቸው ብሎ መገመት ይቸግረዋል። አንዱ ሶል ነው፣ አንዱ እንቅልፍ የሚያስወስድ ትዝታ ነው፣ አንዱ ጭፈራ ነው፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ሰው የማይዘፍንበት ነው።

ትዝታን እንውሰድ። ትዝታ በባህሉ ጊዜ የለውም። ዘፋኙ እስከፈለገ ይሄዳል፣ ግጥሙ እስካለ፣ የሚሰማውም እስካለቀሰ። ትንሿ ሸክላ ግን በአንድ ገጿ የምትይዘው አራት ደቂቃ አካባቢ ነው። ስለዚህ የትዝታ ዘፋኝ ስቱዲዮ ሲገባ ምን እንደሚተው መወሰን አለበት። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታም በፍጥነትም ቀርጾታል፤ አንዱን ተቀምጣችሁ ትሰሙታላችሁ፣ አንዱን ቆማችሁ። ሁለቱንም ስትሰሙ ያው ዜማ መሆኑ ይገርማችኋል። አሳታሚው «እሺ፣ ሁለቱንም» ባይል ኖሮ ከሁለቱ አንዱ አይኖረንም ነበር። በዚህ ነገር ውስጥ የአሳታሚ ሥራ ይሄ «እሺ» ማለት ነው።

ግርማ በየነ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ስሙን የማታውቁ ብዙ እንደሆናችሁ እገምታለሁ፣ ሥራውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፒያኒስት ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ ከሁሉም በላይ አቀናባሪ ነው። አቀናባሪ ማለት ዘፋኙ በእንጉርጉሮ ያመጣውን ዜማ ተቀብሎ፣ ሳክስፎኑ የት እንደሚገባ፣ ቤዙ ምን እንደሚል፣ መግቢያው ምን እንደሚመስል፣ የት ዝም እንደሚባል የሚወስነው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት የዓለማየሁ ዘፈኖች መግቢያውን ብቻ ሰምታችሁ «አወቅኩት» የምትሉት፣ ያ መግቢያ ብዙ ጊዜ የግርማ ነው። የአምሃ ሪከርድስን ድምፅ የአምሃ ጆሮ መረጠው፣ የግርማ እጅ ደግሞ ሠራው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እኛ ግን ስናስታውስ የዘፋኙን ስም ብቻ ነው የምናስታውሰው። ይህ ጉዳይ ያሳዝነኛል፣ በእውነት። ሰዎች ስለ ዘፈን ሲያወሩ ሰምቼ «ያቀናበረው ማነው?» ብዬ ስጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ከዚያ ሙላቱ። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ ተምሮ፣ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ፣ ቦስተን በርክሊ ደርሶ የመጣ ሰው ነው። ቪብራፎን ይጫወታል፤ የብረት ቁልፎቹ በዱላ እየተመቱ የሚጫወቱት፣ ያኔ እዚህ የማይታወቅ መሣሪያ። ሐሳቡ የእኛን አራቱን ቅኝት፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን፣ ባለ አምስት ድምፁን ነገር፣ ከጃዝ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር ሳያጣላ ማስቀመጥ ነው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድ ድምፅ አለቦታው ከገባ ቅኝቱ ይፈርሳል፣ ኢትዮጵያዊነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከስር የሚገባው ነገር በጣም በጥንቃቄ ነው የሚገባው።

አሁን ራሳችሁን በአሳታሚ ቦታ አስቀምጡ። የእናንተ ገበያ ግጥም የሚወድ ገበያ ነው። ሰው አዲስ ዘፈን ሲወጣ «ግጥሙን ሰማኸው?» ነው የሚለው። ሰሙን ይፈታል፣ ወርቁን ይፈልጋል። አንድ ሰው ደግሞ መጥቶ ቃል የሌለው ሸክላ እናሳትም ይላችኋል። ትልቁን ሸክላ ነው፣ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትን። እኔ ብሆን የምል ይመስለኛል፣ «ወንድሜ፣ ዘፋኝ አምጣ»። አምሃ አሳተመው። በ1974 ያወጣው የሙላቱ ሸክላ ስሙ «የካቲት» ነው። የካቲት 1966 በኛ አቆጣጠር ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። አብዮቱ የፈነዳበት ወር ነው። ያን ጊዜ ሰው የሚያወራው ሌላ ነበር፣ ነዳጅ፣ ሠራዊት፣ ካቢኔ። በዚያ መሀል ቪብራፎንና ዋሽንት መሰል ሳክስፎን ያለበት፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ታተመ። ይህንን ሸክላ ዛሬ የሚፈልጉት ሰብሳቢዎች በዓለም ዙሪያ ናቸው።

ቅይጥ ምርጫ ሲባል ሁልጊዜ ጥሩ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ሁሉንም የሚያሳትም ሰው አንዳንዴ ምንም ያልመረጠ ሰው ነው። አምሃ ጋ ግን ልዩነት ያለ ይመስለኛል። ዓይነቱ ይለያያል፣ ደረጃው ግን አይወርድም። የሚጮኸው በደንብ ይጮኻል፣ የሚያለቅሰው በደንብ ያለቅሳል። አንድ ሱቅ ውስጥ ከህንድ ዘፈን እስከ ሶል ድረስ እየሰሙ መዋል ይህን ያስተምራል ብዬ አምናለሁ፤ ጥሩ ነገር በአንድ መልክ ብቻ እንደማይመጣ።

ጎደሎም ነበረው። ሴት ዘፋኞች ከወንዶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። በዚያ ላይ የባንዱ አባላት፣ ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ትራምፔት ነፊው፣ ብዙዎቹ ስማቸው ከሸክላው ጋር አልተያያዘም። ይህ የዘመኑ ልማድ ነው፣ የአምሃ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም ጉዳቱ ለኛ ተረፈ።

ከ1974 በኋላ ያለውን አጠር አድርጌ ልለፈው፣ ምክንያቱም ከእኔ በላይ የኖራችሁበት እዚህ አላችሁ። ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ መጣ። ሰዓት እላፊ ማለት ለምሽት ክለብ ሞት ነው። ክለብ የሚሄድ ሰው ወይ በጊዜ ይመለሳል፣ ወይ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ይጨፍራል። ባንዶቹ ወደ ትልልቅ ሆቴሎች ተጠጉ፤ ዋልያስ ባንድ ሂልተን። በ1975 አምሃ አገር ለቆ አሜሪካ ሄደ፣ ዋሽንግተን። ድርጅቱ በዚያው አበቃ። ካይፋ ትንሽ ቀጠለ፤ የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1975 የወጣው በካይፋ ነው። ነገር ግን ሸክላ ራሱ ጊዜው እያለቀ ነበር። ካሴት ገባ። ካሴት ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይባዛል፣ ባሕር ማዶ መላክ አያስፈልገውም። ሙዚቃ ቤቶቹም ወደ ካሴት ዞሩ፤ መጀመሪያ ላይ የጠራኋቸው ስሞች የዚህ ዘመን ናቸው። ሱቁ የሚያሳትምበት ልማድ ግን ቀጠለ። የአምሃ መንገድ የምለው ይህን ነው።

ሙዚቀኞቹም ተበተኑ። ግርማ በየነ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ ለብዙ ዓመታትም ከመድረክ ራቀ። ያ ሁሉ መግቢያ ያቀናበረ እጅ ፒያኖ ሳይነካ ዓመታት አለፉ።

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ምናልባት ታውቁታላችሁ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ1984 ከማሕሙድ ሸክላ አንዱን ሰማ። አላስቀመጠውም። በዓመቱ ተነስቶ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 «እሬ መላ መላ» ቤልጅየም ውስጥ ክራምድ ዲስክስ በሚባል ድርጅት እንደገና ታተመ። ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ቡዳ ሙዚክ በሚባለው የፈረንሳይ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ጀመረ። ተከታታዩን ካቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች በርካቶቹ በአምሃ ሪከርድስ ሥራዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፋልሴቶ አምሃን አግኝቶ፣ ተነጋግሮ፣ ፈቃድ ወስዶ ነው ያሳተመው። አራተኛው ቁጥር የሙላቱ ነበር። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሚባለው አሜሪካዊ የፊልም ሠሪ የሙላቱን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ያለ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሜት አለኝ፣ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። አንደኛው ምስጋና ነው። ያ ሰው ባይመጣ እኔ ዛሬ ከማውቀው ብዙውን አላውቅም ነበር። ግርማ በየነም በ2017 ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ተመልሶ ሲጫወት ባልሰማሁት፤ ያ ሥራ የኢትዮፒክስ 30ኛ ቁጥር ሆኖ ነው የወጣው። ሁለተኛው ቁጭት ነው። የራሴን አገር ሙዚቃ ከፈረንሳይኛ መግለጫ ላይ እየቆጠርኩ መማሬ። «ወርቃማው ዘመን» የሚለውን ቃል ስንደጋግመው፣ ወርቁ ከሰማይ የዘነበ ይመስል። አልዘነበም። አንድ ልጅ ቴፕ ይዞ ህንድ ላከ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፈለ፣ ልታሰር እችላለሁ ብሎ አሰበና ሠራው። ያላሳተመውን ደግሞ እኛ አናውቀውም፣ መቼም አናውቀውም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ስንት ድምፅ እንደጠፋ ለማሰብ ስሞክር፣ ያ ሕግ በየዓመቱ ያስከፈለን ነገር ይታየኛል።

አምሃ ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። በ2021 አረፈ። በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ተከተለው። የመጀመሪያውን ሸክላ አብረው የሠሩት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመት ነው የሄዱት።

ልጨርስ። የመጣሁት ለወሬ ብቻ አይደለም፣ ልለምናችሁም ነው። ቤታችሁ ሸክላ ካለ፣ አባታችሁ ወይ አያታችሁ የተዉት፣ እባካችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አትደራርቡት፤ ይጣመማል። እንደ መጽሐፍ አቁሙት። ፀሐይ አታስመቱት። አቧራውን በደረቅ ሸካራ ጨርቅ አትፈግፍጉት፣ ድምፁ ያለው በዚያ ቀጭን ጎድጓዳ መስመር ውስጥ ነው፣ አንዴ ከተቧጨረ አይመለስም። ልባሱ ተቀዶ ከሆነም አትጣሉት። ከዚያ መሀሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አንብቡልኝ። የአሳታሚው ስም አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ የዘፋኙ ስም አለ። አንዳንዱ ላይ የባንዱ ወይም የአቀናባሪው ስም ተጽፏል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የቤታችሁ ሰው በእስክሪብቶ ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደገዛው ጽፎበት ይሆናል። ፎቶ አንሱት። ያንን ባንድ የሚያስታውስ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ ደግሞ ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ከበሮውን ማን ነበር የሚመታው? ትራምፔቱስ? ስሙን ጻፉት።

ዛሬ ይዛችሁ የመጣችሁም እንዳላችሁ አይቻለሁ፣ ከኋላ ረድፍ ቀይ ከረጢት የያዙት እናት፣ እርስዎን ነው የምለው። ማጫወቻው እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ መርፌውም አዲስ ነው። ከእርስዎ እንጀምር።